የወይዘሮ አውጉስተ ቅናት
በአልዛይመር በሽታ የስሜትና የጠባይ ለውጦች ታሪክ

የአልዛይመርን በሽታ በአገራችን ባለሙያውም ሕዝቡም «የመርሳት በሽታ» ሲል ይጠራዋል። ስያሜው አጭርና ግልጽ በመሆኑ ለጤና ትምህርት አመቺ ነው። ይሁን እንጂ በስያሜው ብቻ የሚመራ ባለሙያ የበሽታውን ግማሽ ሳያይ ሊቀር ይችላል። ቤተሰብ መርሳትን «እርጅና ነው» ብሎ ለዓመታት ይችለዋል። ትዕግሥቱ የሚያልቀውና ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው እናት የቤት ሠራተኛቸውን በሌብነት ሲከሱ፣ አባት በእኩለ ሌሊት ተነሥተው በገዛ ቤታቸው «ቤቴ ውሰዱኝ» እያሉ በር ሲደበድቡ፣ ወይም አንድ ጨዋ ሽማግሌ በሰባ ዓመታቸው ሚስታቸውን በዝሙት መጠርጠር ሲጀምሩ ነው። እነዚህ ምልክቶች ለበሽታው እንግዳ ወይም ተጨማሪ አይደሉም። የበሽታው ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው፣ ሕክምናው ይህን በመጀመሪያው ቀን ያየውን ነገር እንዴት ለረጅም ጊዜ ችላ እንዳለውና ቸልታውም ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ የሚያትት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኅዳር 25 ቀን 1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኘው የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሆስፒታል የ51 ዓመት ሴት ገቡ። ስማቸው አውጉስተ ዴተር ሲሆን ባለቤታቸው የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ። በማግስቱ ሕመምተኛይቱን ቀርበው የመረመሩት ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ጥያቄያቸውንና የሕመምተኛይቱን መልስ ቃል በቃል መዝግበዋል። ስማቸውን ሲጠየቁ «አውጉስተ» አሉ፤ የቤተሰብ ስማቸውን ሲጠየቁም «አውጉስተ»፤ የባላቸውን ስም ሲጠየቁም እንዲሁ «አውጉስተ» ይመስለኛል አሉ። ለምሳ አበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ እየበሉ ሳለ ምን እንደሚበሉ ቢጠየቁ ስፒናች ነው ብለው መለሱ። ስማቸውን እንዲጽፉ ወረቀት ሲሰጣቸው «ወይዘሮ» የሚለውን ጽፈው የቀረው ጠፋባቸው። «ራሴን አጥቻለሁ» ያሉት እኒህ ሴት ናቸው።

ይህ ቃለ መጠይቅ ስለ በሽታው በሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ስለሚጠቀስ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን አልዛይመር በ1907 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ የሕመሙ የመጀመሪያ ጉልህ ምልክት ብለው ያስቀመጡት ነው። የመጀመሪያው ምልክት መርሳት አልነበረም፤ በባል ላይ የተነሣ ቅናት ነበር። የማስታወስ ድክመቱ ፈጥኖ ተከተለ። ወይዘሮ አውጉስተ በገዛ ቤታቸው መንገዱ ይጠፋባቸው ጀመር፤ ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ ይጎትቱ፣ ይደብቁ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ሊገድሉኝ መጡ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጮኹ ነበር።

በሆስፒታሉ ውስጥ የታየው ደግሞ እንዲህ ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ ሐኪሙን ቤታቸው እንደ መጣ እንግዳ ይቀበሉና ሥራዬን አልጨረስሁም ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሌላ ጊዜ ሊቆርጠኝ ነው ብለው ይጮኹበታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ክብራቸውን ሊደፍር የመጣ ሰው አድርገው በቁጣ ያባርሩታል። አልጋ ልብሳቸውን እየጎተቱ ባላቸውንና ልጃቸውን ይጣራሉ፤ ድምፅ የሚሰሙም ይመስላሉ። አስፈሪ በሆነ ድምፅ ለብዙ ሰዓታት ይጮኹ ነበር። ዛሬ በመጠይቅ ላይ በየሣጥኑ የምንሞላቸው የተሳሳተ እምነት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ መረበሽ፣ ያለ ዓላማ መመላለስ፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ በዚያች አንዲት ሕመምተኛ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ይገኛሉ ለማለት ይቻላል።

ስለ አያያዛቸውም ጥቂት ማለት ይገባል። የሆስፒታሉ ኃላፊ የነበሩት ኤሚል ዚዮሊ፣ እንዲሁም ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብረዋቸው የሠሩት አልዛይመርና ፍራንዝ ኒስል፣ ሕሙማንን በሰንሰለትና በማሰሪያ ልብስ መያዝን የሚቃወሙ ነበሩ። በእነዚህ ፈንታ ለሰዓታት የሚቆይ የሞቀ ውኃ መታጠቢያ፣ የአልጋ ዕረፍት፣ የቅርብ ክትትል የሚደረግበት ክፍልና እንደ ክሎራል ሃይድሬት ያሉ የማስተኛ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። ለዘመኑ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ወይዘሮ አውጉስተ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ እግራቸውን አጥፈው በአልጋ ላይ ተኮራምተው፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1906 አረፉ። ለሞታቸው ምክንያት የሆነው በአልጋ ቁስል ሳቢያ የመጣ የደም መመረዝ ሲሆን የሳንባ ምችም ነበረባቸው። የነርስነት ሙያ ያላቸው አንባቢዎች ይህን ዐረፍተ ነገር ከማይክሮስኮፕ ግኝቱ የበለጠ ትኩረት ቢሰጡት አይፈረድባቸውም።

አልዛይመር በዚያን ጊዜ ከኤሚል ክሬፔሊን ጋር ለመሥራት ወደ ሙኒክ ተዛውረው ነበር። አንጎሉ ተልኮላቸው በብር ማቅለሚያ ዘዴ መረመሩት፤ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የተጠቀለሉ ቃጫዎችን፣ በሕዋሳቱ መካከልም የተከማቹ ባዕድ ነገሮችን አገኙ። ዛሬ ታንግልና ፕላክ የምንላቸው ናቸው። ኅዳር 3 ቀን 1906 በቱቢንገን ከተማ በተደረገ የአእምሮ ሐኪሞች ስብሰባ ግኝታቸውን ሲያቀርቡ ከተሰብሳቢው አንድም ጥያቄ አልተነሣም። በስብሰባው ላይ የነበሩት ሊቃውንት ዝም ቢሉም የሙያው ዐይን ከዚያ ወዲያ ያዘነበለው ወደ ማይክሮስኮፑ ነው። የሕመምተኛይቱ ቅናትና ጩኸት ለአንጎል ምርመራው መግቢያ ሆኖ ቀረ። በ1907 በፕራግ የነበሩት ኦስካር ፊሸር ካጠኗቸው 16 የእርጅና መዘባረቅ ሕሙማን በ12ቱ አንጎል ፕላክ አግኝተው አሳትመዋል፤ እርሳቸው ግኝቱን ከሕሙማኑ የጠባይ መልክ ጋር ለማያያዝ የጣሩ ቢሆኑም ስማቸው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተዘንግቶ ነበር። ፊሸር በ1942 ናዚዎች በቴሬዚን ባቋቋሙት እስር ቤት ሞቱ።

ክሬፔሊን በ1910 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፋቸው በሽታውን በአልዛይመር ስም ሰየሙት። ስያሜው ግን በአረጋውያን ላይ የሚታየውን ሳይሆን ከእርጅና በፊት የሚመጣውን ብቻ የሚመለከት ነበር። በዚህም የተነሣ በቀጣዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት የአልዛይመር በሽታ እንደ ብርቅ ነገር ሲታይ፣ በ75 ዓመታቸው ያንኑ ምልክት የሚያሳዩ ሰዎች «ጃጅተዋል» ተብለው ይታለፉ ነበር። በእኛም ቋንቋ «ጃጀ» የሚለው ግሥ ምርመራ ሆኖ ኖሯል፤ ከተባለ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ይህ አመለካከት የተናወጠው በ1968 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ ባደረጉት ጥናት ነው። በሕይወት ሳሉ በመለኪያ የተገመገሙ አረጋውያን ከሞቱ በኋላ በአንጎላቸው ውስጥ የፕላኩ ብዛት ሲቆጠር፣ ከችሎታቸው መዳከም ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። የእነዚህ ሰዎች መለኪያ የዕለት ተዕለት ሥራንና የጠባይን መለወጥ፣ የፍላጎት መቀዝቀዝን ጭምር የሚጠይቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን ጠበበ። በ1975 ፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው በጥቂት ደቂቃዎች የሚሠራውንና ከ30 ነጥብ የሚታረመውን አጭር የአእምሮ ምርመራ አወጡ። በ1976 ሮበርት ካትዝማን የአረጋውያኑና የወጣቶቹ በሽታ አንድ መሆኑን፣ ከዋነኛ ገዳይ በሽታዎችም አንዱ መሆኑን ጻፉ። በዚሁ ዓመት በአንጎል ውስጥ የአሴቲልኮሊን ሥርዓት መጎዳቱ ታወቀ። በ1984 በአሜሪካ የወጣው የምርመራ መስፈርት የማስታወስና የማሰብ ችሎታን መውደቅ ዋና አደረገ፤ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የተሳሳተ እምነትና ቁጣ ከምርመራው ጋር «የማይቃረኑ» ተብለው በግርጌ ተዘረዘሩ።

ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። መርሳት በቁጥር ይለካል፤ በፈተና ላይ ስንት ነጥብ እንደ ወረደ ለመድኃኒት ጥናት ይመቻል። ቅናትን ወይም ፍርሃትን በቁጥር ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው። በእኔ አስተያየት የሕክምና ሙያ ሊለካው የቻለውን ነገር ዋናው ነገር አድርጎ የመውሰድ ጠባይ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

መመለሻው የመጣው መለኪያ ሲሠራ መሆኑም የሚያስገርም አይደለም። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጂስካ ኮኸን-ማንስፊልድ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያሉ ሰዎችን መረበሽ የሚመዘግብ ቅጽ አዘጋጁ። በ1987 ባሪ ራይዝበርግና ጓደኞቻቸው በመድኃኒት ሊታከሙ ይችላሉ ያሏቸውን የጠባይ ምልክቶች የሚለካ ሌላ ቅጽ አወጡ። በ1988 አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው ሕመምተኛው ራሱ መልስ መስጠት ቢያቅተው እንኳ ከአስታማሚው ቃል ድብርትን ለመመዘን የሚያስችል ሚዛን ሠሩ። በ1994 ጄፍሪ ከሚንግስና ጓደኞቻቸው ያወጡት መጠይቅ በመጀመሪያ 10፣ በኋላም የሌሊት ጠባይና የምግብ ፍላጎት ተጨምረው 12 ዘርፎችን የያዘ ሆነ። ይህ መጠይቅ ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ምልክት አስታማሚውን ምን ያህል እንዳስጨነቀው። በ1996 ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ሳይካትሪ ማኅበር በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ባደረገው ጉባኤ ለእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ መጠሪያ ተሰጣቸው፤ በመዘባረቅ በሽታ የሚታዩ የጠባይና የሥነ ልቦና ምልክቶች ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደ ሆነ አሳይተዋል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በካሽ አውራጃ ሕሙማንን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ከመቶ 97ቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ምልክት እንደ ታየባቸው ዘግቧል። ከሁሉ በላይ ከሚታዩት አንዱ ደግሞ ማንም የማይከስሰው ግድየለሽነት ነው። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ ሰው ስለማያውክ ቤተሰቡ «ተረጋጋልን» ይላል፤ ባለሙያውም ያልፈዋል።

የታሪኩ ከባዱ ክፍል የመድኃኒቱ ነው። ክሎርፕሮማዚን በ1952 በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን ተሰጠ፤ ሃሎፔሪዶል በ1958 በቤልጂየም ተሠራ። ሁለቱም ለስኪዞፍሬኒያ ሕክምና ዋሉ። ብዙ ሳይቆይ ግን በምዕራቡ ዓለም የአረጋውያን መጦሪያዎች ገብተው የሚጮኸውን ጸጥ ማሰኛ፣ የሚንከራተተውን ከወንበር ማዋያ ሆኑ። ፍራንክፈርት ላይ የተፈታው ማሰሪያ በኬሚካል መልክ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ በ1987 ባወጣችው ሕግ በመጦሪያ ቤቶች ውስጥ ያለ ሕክምና ምክንያት ሰውን በገመድም ሆነ በመድኃኒት ማሰርን ከለከለች። በ1990ዎቹ እነ ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒን ሲመጡ እጅና እግር የማድረቅ ጉዳታቸው አነስተኛ በመሆኑ መፍትሔ ተገኘ ተባለ።

ሚያዝያ 2005 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 17 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ውጤቱን ይፋ አደረገ። የመዘባረቅ በሽታ ያለባቸውና እነዚህን አዳዲስ መድኃኒቶች የወሰዱ አረጋውያን የመሞት ዕድል፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ነበር። ወደ 10 ሳምንት ገደማ በቆየ ጥናት ከመቶ 4.5 ከሚወስዱት፣ ከመቶ 2.6 ከማይወስዱት ሞተዋል። የሞቱት በአብዛኛው በልብ ሕመምና እንደ ሳንባ ምች ባለ ተላላፊ በሽታ ነው። ማስጠንቀቂያው በ2008 ሃሎፔሪዶልንና ክሎርፕሮማዚንን የመሳሰሉትን ነባር መድኃኒቶችም እንዲጨምር ተደረገ፤ ይህ በእኛ አገር ለሚሠራ ባለሙያ ዋነኛው ነጥብ ነው፤ በእጃችን በብዛት የሚገኙት ነባሮቹ ናቸውና። በ2006 የታተመ፣ 421 ከቤታቸው የሚታከሙ የአልዛይመር ሕሙማን የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከመድኃኒቶቹ የሚገኘው ጥቅም በጉዳታቸው እንደሚካካስ ደመደመ።

በ2009 ፕሮፌሰር ሱቤ ባነርጂ ለእንግሊዝ መንግሥት ያቀረቡት ሪፖርት ሒሳቡን ማንም ሊረዳው በሚችል መንገድ አስቀመጠው። በዓመት 180,000 ያህል የመዘባረቅ ሕሙማን እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዳሉ፤ ከእነዚህ የተወሰነ ጥቅም የሚያገኙት እስከ 36,000 ናቸው፤ በመድኃኒቱ ሳቢያ ደግሞ 1,800 ተጨማሪ ሞት ይከተላል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በክፉ ሐኪም እጅ አይደለም። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሠላሳ አልጋና አንድ የሚጮኽ ሕመምተኛ ባሉበት ክፍል ውስጥ የታዘዘውን በመስጠቷ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶችም ተሞክረዋል። ዶኔፔዚል ለመረበሽ እንደማይጠቅም በ2007 ታየ። በ2011 በእንግሊዝ የታተመ ሰፊ ጥናት ሰርትራሊንም ሆነ ሚርታዛፒን ለሕሙማኑ ድብርት ከመድኃኒት አልባው ክኒን እንደማይሻሉ አሳየ። በ2014 ሲታሎፕራም መረበሽን እንደሚቀንስ ቢገኝም በጥናቱ የተሰጠው 30 ሚሊግራም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያዛባ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዕለት ሥራችን የሚበጀው በ2011 የታተመው የኖርዌይ ጥናት ይመስለኛል። በ18 መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 352 የሚረበሹ ሕሙማን ተወስደው ለአንዱ ወገን ለስምንት ሳምንት ደረጃ በደረጃ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠ። አብዛኞቹ የወሰዱት ተራ ፓራሲታሞል ነው። መረበሹ ማስታገሻ ካልተሰጠው ወገን ጋር ሲነጻጸር በ17 በመቶ ቀነሰ። ሕመሙን መናገር ያቃተው ሰው በጩኸትና በመማታት እየተናገረ ነበር ማለት ነው። ጥርስ፣ ጉልበት፣ የሆድ ድርቀት፣ የተቋጠረ ሽንት፣ የሽንት ቧንቧ ልክፈት፣ የአልጋ ቁስል፤ ወይዘሮ አውጉስተ ለሰዓታት ሲጮኹ ምናቸውን ያማቸው እንደ ነበረ የጠየቀ ስለ መኖሩ በ1907ቱ ጽሑፍ አልተገለጸም።

ይህ ሲባል ሁሉም ነገር ከአካባቢና ከአያያዝ የሚመጣ ነው ማለት አይደለም። በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቶም ኪትዉድ በ1990ዎቹ ባደረጉት ክርክር የሕመምተኛው ሰብእና በአስታማሚዎቹ አነጋገርና አድራጎት እንደሚጎዳ ወይም እንደሚጠበቅ አስተምረዋል፤ ትምህርታቸውም የአያያዝን መልክ ለውጧል። ሆኖም ታንግሎቹ ስሜትንና ጠባይን የሚገዙትን የግንባር ክፍሎች እንደሚያጠቁ፣ ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን የሚያመነጩት የአንጎል ግንድ ሕዋሳትም እንደሚመናመኑ በአስከሬን ምርመራ ታውቋል። እናት «ሰረቅሽኝ» ሲሉ በክፋት እንዳልሆነ ለልጅ ማስረዳት የሚቻለው በዚህ ነው። ያስቀመጡበትን የረሱት ዕቃ ጠፍቷል፤ መርሳታቸውንም ረስተዋል፤ የሚቀረው አንድ ማብራሪያ ሌባ መኖሩ ነው። ክርክር እምነቱን አይነቅለውም፤ ዕቃውን አብሮ መፈለግ ግን ልብ ያሳርፋል። በዚህ መካከል በሌብነት የተከሰሰችው የቤት ሠራተኛም ስሟ እንዳይጠፋና እንጀራዋን እንዳታጣ ለቤተሰቡ በግልጽ መናገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

መስፈርቶቹም ቀስ በቀስ ተስተካክለዋል። በ2011 የወጣው አዲሱ የአሜሪካ መስፈርት የጠባይና የሰብእና ለውጥን ከማስታወስ ጋር እኩል ከሚቆጠሩት አምስት ዘርፎች አንዱ አደረገው። በ2016 ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ የመጣና ከስድስት ወር በላይ የቆየ የጠባይ ለውጥ ለበሽታው ቀዳሚ ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት መስፈርት በባለሙያዎች ቡድን ቀረበ። የወይዘሮ አውጉስተ ቅናት ስፍራውን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት። የሕክምና መዝገባቸው ራሱ በ1995 በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ መዛግብት ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ጠፍቶ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስፔሻሊስት በሌለበት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ያወጣውና በአገራችንም ለሥልጠና የዋለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ስለ ጉዳዩ የሚያዘው ቅደም ተከተል ይህን ታሪክ የተማረ ነው፤ አስቀድሞ የሰውነት ሕመም ይፈለግ፤ የሚቀሰቅሰው ነገር ይታወቅ፤ አስታማሚው ይደገፍ፤ ሃሎፔሪዶል የሚሰጠው ሕመምተኛው ራሱን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋ ሲደቀን ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን ሆኖ ክትትል ይደረግበት። ግንቦት 2023 የአሜሪካ አስተዳደር ብሬክስፒፕራዞል የተባለውን መድኃኒት በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ለሚታይ መረበሽ አጸደቀ፤ ለዚሁ ጉዳይ በአገሪቱ የጸደቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። በ2005 የወጣው የሞት ማስጠንቀቂያ በእርሱም መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን ተከብቦ ታትሟል።